የአምሎዲፒን መጠን ከተጨመረ በኋላ የመጣ የእግር እብጠት፦ የሚያሸናው ክኒን ለምን አላጎደለውም?

አስታማሚ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ እናቴ ነው። 67 ዓመቷ ሲሆን፣ ለደም ግፊቷ አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ለሁለት ዓመት ያህል ስትወስድ ቆይታለች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ እግሯ አብጦ አያውቅም። ከሦስት ወር በፊት የላይኛው ግፊቷ በተከታታይ ከ158 በላይ ስለተገኘ መጠኑ ወደ 10 ሚሊ ግራም ከፍ ተደረገላት። ግፊቷ በእርግጥ ወረደ፤ ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቿ ማበጥ ጀመሩ። ጠዋት ስትነሣ የለም ሊባል ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጫማዋ አልገባ ይላታል፣ የካልሲዋም ጠርዝ ቆዳዋ ላይ ጥልቅ መስመር ትቶ ይታያል። በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ስለቀው ሥርጉድ እንዳለ ይቆያል።

ይህን ለሐኪም ስንናገር «ውሃ ነው» ተባለና ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም ታዘዘላት። ከጀመረችው አምስተኛ ሳምንቷ ነው። እብጠቱ ከነበረበት እምብዛም አልጎደለም፤ ይልቁንም ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሣለች፣ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ያዞራታል፣ ባቷን እየሸመቀቀ ከእንቅልፏ ያነቃታል። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ልትወድቅ ስትል ለጥቂት ደረስኩላት። አሁን «ሁለቱንም አልወስድም፤ ሳልታመም ያሳመሙኝ እነሱ ናቸው» እያለች ነው። በምን ቃል እንደማሳምናት ጨንቆኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ ለእኔም አልገባኝም። ያበጠው በውሃ ከሆነ፣ ይህን ያህል ሽንት እየወጣ እብጠቱ ለምን አይሄድም?

የመድኃኒት ባለሙያ

እኅቴ፣ ጥያቄዎ ነገሩን ከሥሩ የያዘ ነው፤ መልሱ ትንሽ ስለሚረዝም ይታገሡኝ።

አምሎዲፒን የደም ግፊትን የሚቀንሰው የደም ቅዳ ሥሮችን ጡንቻ በማላላት ነው። ልብ ደም የሚገፋባቸው ትናንሽ ሥሮች ሲላሉና ሲሰፉ ግፊቱ ይወርዳል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ደም ወደ ልብ የሚመለስባቸውን የደም መልስ ሥሮች በዚያው ልክ አያላላቸውም። በሁለቱ መካከል ደግሞ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ፣ ግድግዳቸው ፈሳሽ የሚያሳልፍ ሥሮች አሉ። የእነዚህ መግቢያ በሰፊው ተከፍቶ መውጫቸው እንደ ጠበበ ሲቀር በውስጣቸው ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ከደሙ የተጣራ ፈሳሽም በግድግዳቸው አልፎ ወደ አካባቢው ሥጋ ይገባል። ሰው ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሲውል በእግሩ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከሌላው አካሉ ስለሚበልጥ ፈሳሹ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል፤ እናትዎ ሌሊቱን ተኝተው ሲያድሩ የሚጎድልላቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለው እብጠት ዋናው ችግር በሰውነት ውስጥ ውሃ መብዛቱ ሳይሆን ውሃው ቦታውን መልቀቁ ነው። ፉሮሴማይድ የሚሠራው ኩላሊት ጨውንና ውሃን ከደም ውስጥ አብዝቶ እንዲያስወጣ በማድረግ ነው፤ ወደ ሥጋ የሚገፋው ግፊት ግን እንዳለ ስለሚቀጥል፣ የሚጎድለው በቅድሚያ በደም ሥር ውስጥ ያለው እንጂ እግር ላይ ያለው አይደለም። ከአልጋ ሲወርዱ ማዞሩ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የባታቸው መሸምቀቅም ከሽንቱ ጋር አብሮ በሚወጣው ፖታሲየም መጉደል ምክንያት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

መጠኑ ሲጨመር መጀመሩም የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ሲጠና በተሰበሰበው መረጃ እብጠት የታየው 5 ሚሊ ግራም ከሚወስዱት 3 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሲሆን፣ 10 ሚሊ ግራም ከሚወስዱት ግን 10.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነበር፤ ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት መካከል 0.6 በመቶ ብቻ ናቸው ያበጡት። ሴቶች ከወንዶች በግልጽ ይበዛሉ። እናትዎ ሴት ናቸው፣ መጠኑም እጥፍ ሆኖባቸዋል፤ ነገሩ በእርሳቸው ላይ መድረሱ እንግዳ አይደለም።

በሙያችን ደጋግመን የምናየውና የሚያሳዝነኝ ስሕተት አለ፤ አንድ መድኃኒት ያመጣውን ነገር እንደ አዲስ በሽታ ቆጥሮ ሌላ መድኃኒት መደረብ፣ ያኛው ለሚያመጣውም ሦስተኛ መጨመር። ሰዎች አራትና አምስት ክኒን ይዘው የሚመጡበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ይህን ስል ግን እናትዎ ዛሬ ማታ አምሎዲፒኑን ይተዉ ማለቴ አይደለም። እግር ማበጡ ያስቸግራል እንጂ ልባቸውን አይጎዳም፤ ሳይታከም የተተወ የደም ግፊት ግን አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። እብጠቱን የሚያስተካክለው ያዘዘላቸው ሐኪም ዘንድ ተመልሶ መድኃኒቱን እንደገና ማደራጀት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከሁለቱ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ያለ ትእዛዝ የሚገዛውም፣ ለሕመም ብቻ አልፎ አልፎ የሚወሰደውም ይቆጠራል።

ተመላላሽ

በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ፤ ለእናትዎ ቢያነቡላቸው ምናልባት ከእኛ ከታማሚዎቹ ሲሰሙት ይቀበሉት ይሆናል።

እኔም አምሎዲፒን 10 እወስድ ነበር፤ እግሬ ሲያብጥ ለማንም ሳልናገር አቆምኩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አልተለወጠም፤ እብጠቱ በደንብ የጎደለው ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እጅግ ደስ አለኝ፣ ደኅና ነኝ ብዬም ለራሴ ነገርኩት፤ ምክንያቱም ከፍ ያለ ግፊት ለእኔ አንድም ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም። በሃያኛው ቀን በሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስለካ 190/110 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ማሳሪያውን ፈታ በሌላው ክንዴ ደግማ ለካችኝ፤ ያው ነው። እዚያው አስቀምጠው ሲከታተሉኝ ዋሉ። ምንም ሳይደርስብኝ መትረፌን እንደ ጸጋ እቆጥረዋለሁ። ያኔ ለሐኪሙ «እግሬ እያበጠ ስለሆነ ሌላ መላ ይፈልጉልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ በኋላ ስለው መላው በአንድ ጉብኝት ተገኘ።

የመድኃኒት ባለሙያ

ስለ አካፈሉን አመሰግናለሁ። እብጠቱ ለመጉደል የዘገየበትን ምክንያት ልጨምር። አምሎዲፒን ከደም የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ከወሰዱት ግማሹ እስኪወጣ ድረስ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። በየቀኑ ሲወሰድም በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚረጋው ከ7 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ መጠኑ በሐኪም ሲቀነስም ሆነ ሲለወጥ በሦስተኛው ቀን ለውጥ አለማየት ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም። ግፊቱም እንዲሁ ቀስ ብሎ ስለሚመለስ፣ ያቋረጠ ሰው ለጥቂት ቀናት ደኅና ቁጥር እያየ ይታለላል።

የልብ ክትትል ነርስ

እስካሁን የተባለውን እደግፋለሁ፤ ሆኖም ወደ መድኃኒቱ ከመጠቆማችን በፊት ሌሎቹ የእብጠት ምክንያቶች መጣራት አለባቸው። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሌላ በሽታ ሊይዘው አይችልም ማለት አይደለምና። እኔ ታማሚ ፊቴ ሲቀመጥ የምጠይቀውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ የማየው አንድ እግር ነው ወይስ ሁለቱም የሚለውን ነው። የመድኃኒት እብጠት ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል። አንዱ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ባቱ ከታመመ፣ ከሞቀና ከቀላ በደም መልስ ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ይቀጥፋልና፣ በዚህ ጊዜ እግርን እያሹ መቆየት አይገባም።

ከዚያ ስለ ትንፋሽ እጠይቃለሁ። ደረጃ ሲወጡ ከበፊቱ ይልቅ ያለከልካሉ? ሲተኙ ስንት ትራስ ይደረድራሉ? ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው ቁጭ ብለው ያውቃሉ? ክብደታቸውስ በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ጨምሯል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ የልብ ድካም መኖሩ ሳይጣራ ነገሩ በመድኃኒቱ ተሳብቦ ሊታለፍ አይገባም። ጠዋት ጠዋት ዐይን ሥር ማበጥና ሽንት አረፋ መድፈቅ ደግሞ ፕሮቲን በኩላሊት በኩል እየወጣ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ የሽንት ምርመራ በአጭር ጊዜ ይለየዋል። ሆድ እየተነፋ ዐይን ቢጫ ከሆነ ጉበት መታየት አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ለይቼ የማስጠነቅቀው የፊት፣ የከንፈርና የምላስ እብጠት ነው። እንደ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ካፕቶፕሪል ያሉት የደም ግፊት መድኃኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ ይህን ያመጣሉ፤ በአፍሪካውያንና ዘራቸው ከአፍሪካ በሆነ ሰዎች ላይ ከሌላው ይልቅ በብዛት ይታያል። አንዳንዱን መድኃኒቱን በጀመረ በቀናት ውስጥ ይይዘዋል፤ ሌላው ግን ለዓመታት ያለ ችግር ከወሰደው በኋላ ነው። ለአለርጂ የሚሰጠው ክኒን ይህን አያስታግሠውም። ምላስ ሲከብድ፣ ድምፅ ሲጎረንን ወይም መዋጥ ሲያቅት ያለ ምንም መዘግየት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ያ መድኃኒትም ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። «የልብ መድኃኒት ያሳብጣል፣ የተለመደ ነው» የሚለውን አነጋገር የምፈራው ለዚህ ነው፤ እግር የሚያሳብጠውና ጉሮሮ የሚዘጋው በአንድ ቃል እየተጠሩ ሰው ይዘናጋል።

ለጊዜው ደግሞ አንድ ነገር ልበልዎ። ፉሮሴማይዱን በስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት? አንድ ክኒን ሲዋጥ ለስድስት ሰዓት ያህል ያሸናል። ማታ ከወሰዱት ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለሱ ማደራቸው ነው፤ ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ጠዋት ይውሰዱት። ሲነሡም አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተቀምጠው ይቁሙ። በጉዳዩ ላይ የእግር ማበጥን ከመውደቅ አብልጬ አልፈራውም፤ በዚህ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ቀላል አይደለም። ማዞሩ ከበረታ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይውሰዷቸው።

አስታማሚ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የተመላላሽን ታሪክ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ክኒኑን ለጊዜው አላቆምም ብላለች።

ለጥያቄዎቹ፦ ያበጠው ሁለቱም እግር ነው፣ እኩል። ትንፋሿ ደኅና ነው፤ በአንድ ትራስ ትተኛለች። ክብደቷን አሁን እየመዘንኩ ነው፤ በአራት ቀን አልተለወጠም። ዐይኗ ሥር አያብጥም። ፉሮሴማይዱን ከአምሎዲፒኑ ጋር ማታ ነበር የምትወስደው፤ ከትናንት ጀምሮ ወደ ጠዋት አዛውረነዋል፣ ትናንት ሌሊትም አንድ ጊዜ ብቻ ተነሣች። ስለ ሌላ መድኃኒት ስትጠይቁኝ ግን ደነገጥኩ። ለጉልበቷ ሕመም ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ትወስዳለች። ወደ አምስት ወር ይሆነዋል። «የልብ መድኃኒት ስላልሆነ» ለሐኪሙ አልነገረችውም፤ እኔም አልነገርኩትም።

የመድኃኒት ባለሙያ

ይህን ስለ ጻፉልን ደስ ብሎኛል፤ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው።

ኢቡፕሮፌንና እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉት ዘመዶቹ ኩላሊት ጨውንና ውሃን እንዲይዝ ያደርጋሉ። በዚህም ራሳቸው እግር ያሳብጣሉ፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። የጊዜውን ቅደም ተከተል ይመልከቱልኝ፤ ኢቡፕሮፌኑ የተጀመረው ከአምስት ወር በፊት ነው፣ ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ከሦስት ወር በፊት ነው፣ በዚያም ምክንያት አምሎዲፒኑ በእጥፍ ተጨመረ፣ እግራቸው አበጠ፣ ፉሮሴማይድ ተደረበ። የመጀመሪያው ምክንያት የጉልበቱ ክኒን ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ በእርግጠኝነት ልናገር አልችልም፤ ለሐኪሙ ግን በዚሁ ቅደም ተከተል ሊነገረው ይገባል። በተጨማሪም እነዚህ የሕመም ማስታገሻዎች የሚያሸናውን መድኃኒት ኃይል ያደክማሉ። ከሚያሸናውና ከእነ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ጋር ሦስቱ በአንድነት ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ወይም የሚቀባ ማስታገሻ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሐኪሙ ሊመርጣቸው የሚችላቸውን መንገዶች ላስረዳ፤ ቀጠሮው ላይ ሲነገራችሁ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ ነው። አንዱ አምሎዲፒኑን ወደ 5 መመለስ ነው፤ የግፊታቸው ሁኔታ ከፈቀደ። ሁለተኛውና እኔ አብልጬ የምወደው፣ ዝቅ ካለው አምሎዲፒን ጋር ከእነ ኢናላፕሪል ወይም ከእነ ሎሳርታን ወገን አንዱን ማጣመር ነው። እነዚህ ወገኖች ደም መልስ ሥሮችንም ስለሚያላሉ፣ ቀደም ብዬ የጠበበ ያልኩትን መውጫ ይከፍታሉ፤ በቀጫጭኖቹ ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና የሚወጣው ፈሳሽ ያንሳል። ግፊቱንም በራሳቸው ይቀንሳሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ሁለተኛ መድኃኒት መጨመሩ ከዚያኛው መደራረብ የተለየ ነው፤ የተጨመረው ምክንያቱን ያክማል። ሦስተኛው አምሎዲፒኑን በዘመዱ በሌርካኒዲፒን መተካት ነው፤ እግር የማሳበጥ ጠባዩ ያነሰ ነው። ዲልቲያዜምና ቬራፓሚልም እግር የሚያሳብጡት በጥቂቱ ነው፤ ይሁን እንጂ የልብ ምት ያዘገያሉ፣ ቬራፓሚል ሆድ ያደርቃል፣ የመግፋት ኃይሉ የደከመ ልብ ላላቸውም አይሰጡም። እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከቬራፓሚል ጋር ሊያጣምረው አይገባም።

የአባቱ ልጅ

ይቅርታ አድርጉልኝና በአንድ ነገር አልስማማም። አባቴ አምሎዲፒን ይወስድ ነበር፣ እግሩ አበጠ፣ ፉሮሴማይድ ተሰጠው፣ በአሥር ቀን ውስጥ እብጠቱ ጠፋ፤ አራት ኪሎም ቀነሰ። የሚያሸናው ክኒን ለእግር እብጠት አይረዳም የሚለውን አንብቦ የሚያቋርጥ ሰው ቢኖርስ? ይህ ጉዳት የለውም?

የልብ ክትትል ነርስ

ወንድሜ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ደጋግሞ ሊነገርም ይገባዋል። ሆኖም የጻፉት የተባለውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አራት ኪሎ መቀነሱ ራሱ በአባትዎ ሰውነት ውስጥ ትርፍ ውሃ እንደ ነበረ ይናገራል። ከአምሎዲፒን ብቻ በሚመጣ የቁርጭምጭሚት እብጠት እንዲህ ያለ የክብደት ለውጥ አይጠበቅም። ሲተኙ ትራስ ይደረድሩ ነበር? ልባቸው በአልትራሳውንድ ታይቷል?

የአባቱ ልጅ

ሦስት ትራስ ነበር የሚደረድረው። በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ ልቡ ደክሟል ተባለ። እስካሁን ሁለቱን ነገር አገናኝቼ አስቤው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ

የአባቱ ልጅ ያነሣው ነጥብ ሌላም ጎን አለው። የደም ሥር ከሚያላሉት መድኃኒቶች መካከል ሚኖክሲዲልና ሃይድራላዚን ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ ከእነርሱ ጋር የሚያሸና መድኃኒት ማዘዝ ትክክለኛ አሠራር ነው። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ፓዮግሊታዞን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲንም እግር ሊያሳብጡ ይችላሉ። ለልብ ድካም የሚያሸና መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ ፈጽሞ እንዳያቋርጥ እለምናለሁ። የልብ ምት የሚያዘገዩትንም በድንገት ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

ቆሜ የምውል

ሥራዬ ቀኑን ሙሉ መቆም ነው፤ አምሎዲፒን 5 እወስዳለሁ፣ እብጠቴም ቀላል ስለሆነ ሐኪሜ መድኃኒቱን ሳይቀይር አብሬው እንድኖር አስተምሮኛል። የጠቀመኝን ልንገራችሁ።

እግርን ከፍ ማድረግ ሲባል በርጩማ ላይ መስቀል ይመስለኝ ነበር፤ ያ ብዙም አልረዳኝም። የሚረዳው በጀርባ ተኝቶ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ ማድረግ ነው። ትራሱን ከተረከዝ ሥር ብቻ ሳይሆን ከባት ጀምሬ ስለማደርገው ጉልበቴ አይወጠርም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል እተኛለሁ። ቆሜም ተቀምጬም ስውል ተረከዜን አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ፤ የባት ጡንቻ ሲጨመቅ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋልና። መራመድ ከመቆም እጅግ ይሻላል።

የሚያጠብቅ ካልሲም አደርጋለሁ። የሚደረገው ጠዋት ነው፣ ከአልጋ ሳይወረድ፣ እግር ገና ሳያብጥ፤ የእግር ልክ የሚወሰደውም በዚያው ሰዓት ነው። ካበጠ በኋላ በግድ ሲደረግ ይቆረጥማል፣ ጉልበት ሥር ከተጠቀለለም ደም ያፍናል። እኔ የታዘዘልኝ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚያጠብቅ ነው።

የልብ ክትትል ነርስ

በካልሲው ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ወደ እግር የሚወርደው የደም ቅዳ ሥር የጠበበበት ሰው የሚያጠብቅ ካልሲ ካደረገ እግሩ ደም ሊያጣ ይችላል። ሲራመዱ ባታቸውን የሚያማቸውና ቆም ሲሉ የሚተዋቸው፣ የሚያጨሱ፣ የስኳር በሽታ ያለባቸውና እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች መጀመሪያ የእግራቸው የደም ዝውውር መለካት አለበት። ያበጠ ቆዳ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ቅባት አይለየው፤ በጣቶች መካከል ያለው ግን ደረቅ ይሁን። ጨው መቀነስንም ሰዎች ይጠይቁኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ለግፊቱ በጣም ይጠቅማል። የአምሎዲፒንን እብጠት ግን ብቻውን ያጠፋዋል ብዬ ተስፋ አልሰጥም።

ተመላላሽ

ስለ እብጠት ከተነሣ አይቀር፣ የእኔ ድድ ያኔ አብጦ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ስለ ግፊት መድኃኒቴ ሲጠይቀኝ ገርሞኝ ነበር። ግንኙነት አለው?

የመድኃኒት ባለሙያ

አለው። አምሎዲፒንና በይበልጥም ኒፈዲፒን በአንዳንድ ሰው ላይ ድድን ያሳድጋሉ። ጥርስን አጥብቆ ማጽዳት ይቀንሰዋል፤ ካልበቃ መድኃኒቱ ይቀየራል።

አስታማሚ ልጅ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እየጻፍኩ ነው፤ እንዲያው ጠይቄ ብቻ እንዳልቀር።

የመድኃኒቶቹን ሁሉ ስምና የተጀመሩበትን ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሄድን፤ ኢቡፕሮፌኑንም ጨምሬ። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም እናቴን ስለ ትንፋሿና ስለ እንቅልፏ እዚህ የተጠየቅሁትን ሁሉ ጠየቃት። ልቧ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ደኅና ነው። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን የለም፣ ኩላሊቷም ደኅና ነው። ፖታሲየሟ ግን 3.2 ሆኖ ተገኘ፤ ዝቅተኛው ተገቢ ልክ 3.5 ነው አሉን። ኢቡፕሮፌኑና ፉሮሴማይዱ ቆሙ፣ አምሎዲፒኑ ወደ 5 ተመለሰ፣ ሎሳርታን 50 ሚሊ ግራም ተጨመረላት። ለጉልበቷ የሚቀባና ፓራሲታሞል ታዘዘላት፤ የጭን ጡንቻዋን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም አሳዩዋት።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። እብጠቱ እንዳለ ነበር፣ እናቴም «ይኸው ሌላ ክኒን ጨመሩብኝ» ትል ጀመር። የመድኃኒት ባለሙያው ስለ ዝግታው የጻፉትን አስታወስኳት። ቁርጭምጭሚቷን ከአጥንቱ አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ሁልጊዜ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ በሜትር መለካት ጀመርን። ስንጀምር 27.5 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ በአሥረኛው ቀን 26፣ በአምስተኛው ሳምንት 24.5 ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በተደገመው የደም ምርመራ ፖታሲየሟ 4.1 ደረሰ። ማዞሩ ቆሟል፣ ባቷም አይሸመቅቃትም። ግፊቷ ቤት ውስጥ ከ128 እስከ 136 ባለው መካከል ነው። ብዙ በቆመችበት ቀን አሁንም ማታ ላይ ጥቂት ያብጣል፤ ግን ጫማዋ ይገባል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ፖታሲየሟ ጎድሎ ስለነበር አንድ ወዳጃችን ፖታሲየም ያለበት የጨው ምትክ እንድትጠቀም መክሮናል። ልስጣት?

የመድኃኒት ባለሙያ

አይስጧት። ያን ጊዜ ያጎደለው ፉሮሴማይዱ ነበር፤ እርሱ ቆሟል። ሎሳርታን ደግሞ በተቃራኒው ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል፤ የጨው ምትኩ ሲጨመርበት ከመጠን አልፎ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። ኢቡፕሮፌንም ተመልሶ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛቸውና ውሃ መያዝ ካቃታቸው ሎሳርታኑን መቀጠል አለመቀጠላቸውን በዚያው ቀን ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አስታማሚ ልጅ

ገባኝ፤ የጨው ምትኩን አንገዛም። ቀጣዩ የደም ምርመራዋ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ የሜትሩን ልክ እስከዚያ ድረስ በደብተሯ ላይ የምትጽፈው ራሷ ናት።